ቀጥ ያለ በደል

ስታርች የተረጨ ጨርቅ ላይ የጋለ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣውን እንፋሎት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ትንሽ የሩዝ ውሃ ይሸታል፣ ትንሽ ሳሙና፣ ትንሽም ሊያርር የደረሰ ነገር። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ኪልበርን ቤቴ ውስጥ ለበዓል የማነጥፈውን የጠረጴዛ ልብስ ስተኩስ፣ ያ እንፋሎት ፊቴን መታኝና ልቤ ወጥ ቤቱን ጥሎ ድሮ ወደሠራሁበት ባተርሲ፣ ምድር ቤት ወረደ። ይሄስ ሁልጊዜ የሚያጋጥመኝ ነው፤ ሌላው ሰው በሽቶ ትዝ ይለዋል ሲሉ እሰማለሁ፣ እኔ በካውያ ነው። ያስደነገጠኝ፣ በዚያው ሰዓት የልጅ ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና የጠየቀችኝ ነገር ነው።

ሰላም ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቋንቋ ታጠናለች። «አፍ እያለሽ ቋንቋ ለመማር ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ?» እያልኩ አሾፍባታለሁ። እናቷ ትልቅ ሰው «እርስዎ» ይባላል ብላ ስላሳደገቻት፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ እያወራች እንኳ «እርስዎ»ዋን አትረሳም። እሷ ላፕቶፗን ዘርግታ ትጽፋለች፣ እኔ እተኩሳለሁ።

«እማማ፣ አንፌር በአማርኛ ምን ይባላል?»

«ማን በደለሽ?»

«ማንም። ኤሴይ ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች አንፌር ለሚለው ነገር ቃላቸውን ከየት እንዳመጡት ሪሰርች እያደረግሁ ነው። የእርስዎን ለኮምፓሪዝን አስገባዋለሁ።»

ደስ አለኝ፤ ጡረተኛን ማን ይጠይቀዋል። ካውያውን አቁሜ አንድ ባንድ ነገርኳት። እኛ ዘንድ አንድ ቃል አይበቃም፣ ነገሩ ብዙ ስለሆነ ነው መሰለኝ። ሰው በሰው ላይ የማይገባውን ሲሠራ በደል ነው። መከታ በሌለው ላይ ሲሆን ግፍ ይባላል፤ ግፍ ደግሞ ዝም ቢሉት ዝም አይልም፣ ጊዜ ጠብቆ ሠሪው ላይ ይመለሳል እንላለን። ሲያካፍሉ ለአንዱ አብዝተው ለሌላው ቢያሳንሱ አድልዎ ነው። ዳኛ ሲያዳላ ፍርድ አጣመመ ይባላል፣ ሰውየውም ጠማማ ነው። እስከዚያ ድረስ ስትጽፍ ቆይታ «ጠማማ» ላይ ስደርስ እጇ ቆመ።

«ጠማማ ማለት ቤንት? እንደ ሽቦ?»

«እንደ ሽቦም፣ እንደ እንጨትም።»

«እማማ፣ ዚስ ኢዝ ክሬዚ» አለችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

ከዚያ በኋላ የዘረገፈችልኝን ሁሉ በእሷ አነጋገር ልንገራችሁ ብል አልችልበትም፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይሄ ነው። እንግሊዞች ሮንግ የሚሉት ቃል፣ ድሮ በመርከብ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ይዘውት የገቡት ነው፤ ያኔ ትርጉሙ ጠማማ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ጠምዝዞ መጭመቅን የሚሉበትም ቃል የእሱ ዘመድ ነው። የጣልያኖቹ ቶርቶ፣ የተጠመዘዘ ማለት ነው። ፌር ደግሞ መጀመሪያ ቆንጆ ማለት ነበር አለችኝ፤ እንግዲያው አንፌር መልከ ጥፉ ማለት ነዋ፣ አልኩና ሳቅሁ። ጀርመኖች የራሳቸው ቃል እያላቸው ያንኑ ከእንግሊዝ ተውሰው ዛሬ እነሱም ፌር፣ አንፌር ይላሉ። የጥንት ሮማውያን ያልተስተካከለ መሬት ከሚለው ነበር ያወጡት፣ ወጣ ገባ ከሚለው። እኔ በቆንጆው እየሳቅሁ፣ በጀርመኖቹ እየተገረምኩ፣ እሷ ጽሑፉን ወደ ታች እየገፋች፣ «ፖሊሾቹ ደግሞ ክሺቭዳ ይላሉ፣ እሱም ያው…»

«ጠማማ ከሚለው የመጣ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ ፖሊሽ ያውቃሉ?»

«አንድ ቃል ብቻ።»

ያን ቃል እኔ ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ዳኑታ የምትባል የላውንደሪ ሴት፣ በሽቦ የልብስ መስቀያ ነው ያስተማረችኝ። ያስተማረችኝም እኔ በሠራሁት ነገር ነው፣ እኔ መሆኔን ሳታውቅ። ሰላምን «ቁጭ በይ» አልኳት፤ ቁጭ ብላ ነበር።

ባተርሲ ወንዙ አጠገብ አንድ ትልቅ ሆቴል ነበር። ስሙን ተዉት፤ ዛሬ የሀብታም አፓርታማ ሆኗል። ከላይ ምንጣፍና መብራት፣ ከታች እኛ። ምድር ቤቱ መስኮት የሚባል ነገር አልነበረውም። የአንሶላ ክምር ይወርድልናል፣ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ አጥፈን እንልካለን። የምንለብሰው ሰማያዊ የናይለን ጋዋን ጀርባችን ላይ ለመለጠፍ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። እግራችን ላይ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ። ከሥራ ስንወጣ ግን እንዘንጥ ነበር፤ ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ በቅናሽ የገዛኋት ትከሻዋ ሰፊ ቡናማ ኮት ነበረችኝ፣ ያን ጊዜ ትከሻሽ ሰፊ ካልሆነ ማንም አያይሽም። አውቶቡሱ ከኋላው በር የለውም፤ ሲንቀራፈፍ ሮጠሽ ትዘያለሽ፣ ትኬት ቆራጩም ክንድሽን ያዝ አድርጎ ያስገባሻል። ጥጉ ላይ መስታወቱ በላብ የተሸፈነ ካፌ ነበር፣ በሃምሳ ፔንስ በወረቀት የተጠቀለለ ድንች ጥብስ ኮምጣጤ ተረጭቶበት የሚሸጥ። አገር ቤት መንግሥት ይመጣል፣ መንግሥት ይሄዳል፤ ዜናውን በስልክ እየሰማን እናለቅሳለን። ዛሬ ያለቀስኩበትን እረሳለሁ፣ ኮምጣጤው ግን እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

አለቃችን ሞሪን የምትባል የአየርላንድ ሴት ነበረች፤ እዚሁ ኪልበርን፣ ከኔ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ትኖር ነበር፣ ነፍሷን ይማረው። ዳኑታ ከፖላንድ ናት፣ ክንዷ የወንድ፣ ቁጣዋ ቅርብ። ሲኞራ ሮዛ ጣልያን ናት፤ እኔ አስመራ ተወልጄ ስላደግሁ ትንሽ ጣልያንኛ ነበረችኝና ከእሷ ጋር እንግባባለን። አማርኛውን በትምህርት ቤት ጀምሬ፣ ከአዲስ አበባው ልጅ ከባለቤቴ ጋር ነው የጨረስኩት። ከአማርኛው ጋር እንግሊዝኛም ስለተማርኩ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። የማስተረጉመውም ለዘይነባ ነው።

ዘይነባ የደሴ ልጅ ናት። በዕድሜ አራት ዓመት ታንሰኛለች፤ ሥራው የገባችው እኔ ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ጥቃቅን አበባ ያለበት አረንጓዴ ሻሽ ታስራለች። ቦርሳዋ ውስጥ አንድ የአምባሰል ካሴት አይጠፋም፣ ቴፑ ተበጥሶ በጥፍር ቀለም የተጣበቀ። ሮዛ ሬዲዮኑን ስትዘጋ ዘይነባ ካሴቷን ትከታለች፤ ዳኑታ በአምባሰል የትራስ ልብስ ስታጥፍ ብታዩ፣ ቦሩ ሜዳ የተወለደች ነው የምትመስለው። ሳቅ ታበዛ ነበር ዘይነባ። ግን ደረቷ እንፋሎቱን አልቻለውም። «ደረቴ ውስጥ ድመት ተኝታለች» ትለኛለች፤ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ሳስጠጋ እውነትም ኹርር ይላል።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘይነባ ሥራ በጀመረችበት ሳምንት፣ ሞሪን በሻይ ሰዓት «ሻይ ትፈልጊያለሽ?» ትላታለች። ዘይነባ በደንብ ያደገች ልጅ ናት፤ «አይ፣ ይቅርብኝ» ትላለች። ሞሪንም እሺ ብላ ታልፋለች። ሦስት ቀን ልጅቷ ጉሮሮዋ ደርቆ ዋለች። በአራተኛው ቀን ደረስኩበትና ለሞሪን አስረዳኋት፤ እኛ ጋ የመጀመሪያው «አይ» መልስ አይደለም፣ ወግ ነው። ሁለተኛ ትጠይቂያለሽ፣ አሁንም አይ ትልሻለች። ሦስተኛ «በሞቴ» ትያታለሽ፣ ያኔ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብላ ትቀበላለች። ሞሪን በሳቅ ሞተች፤ እናቴም እንደዚያ ነበረች፣ እኛም አገር አንድ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ማን ጊዜ አለው ሦስቴ የሚጠይቅ። እኔው ነገሩን አሳጠርኩት። ሞሪን ትጠይቃለች፣ ዘይነባ «አይ» ትላለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ «አዎ፣ ሁለት ስኳር» እላለሁ። ሐኪም ቤትም አብሬያት ስሄድ ያው ነው። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትለዋለች ዶክተሩን፤ እኔ ደግሞ «ሌሊት መተንፈስ አቅቷት ነው የምታድር» ብዬ አስተረጉማለሁ። አፏን ሳይሆን እሷን ነበር የማስተረጉመው፣ ስኮራበትም ነበር።

አንድ ቀን ማናጀሩ ራሱ ምድር ቤት ወረደ። ረጅም ሰው ነው፣ እንፋሎቱን ፈርቶ ክራቫቱን ሸሚዙ ውስጥ ይሸጉጣል፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሊነን ሩም የሚሉት የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ነበር፣ የተቀደደውን የሚሰፉበት፣ ንጹሑን የሚያጥፉበት። እዚያ የምትሠራዋ ሴትዮ ጡረታ ወጥታለች። ክፍሉ ወንዙን የሚያይ ትልቅ መስኮት አለው፤ እንፋሎት የለ፣ ጩኸት የለ። ሞሪን የዘይነባን ደረት ነግራው ኖሮ፣ ለእሷ ሊሰጣት ነው የመጣው። ሞሪን በዚያች ሰዓት ጓሮ የመጣ መኪና እያራገፈች ነበር። ማናጀሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እባክሽ ጠይቂያት፣ ላይኛውን ክፍል ትፈልገዋለች?» አለኝ።

ነገርኳት። ፊቷ ሲበራ በዓይኔ አይቻለሁ። ወዲያው አንገቷን ደፋ አደረገችና «አይ፣ እኔ ትናንት የመጣሁ ነኝ። ለተ ትቅደም፣ ታላቄ አይደለች?» አለች።

ለተ እኔ ነኝ፤ ለተብርሃንን አሳጥረው ነው። ጨዋ ልጅ ሌላ ምን ትላለች? ከኔ የሚጠበቀው ደግሞ የታወቀ ነው። «የታመምሽው አንቺ ነሽ፣ ግቢበት» እላታለሁ፤ «አይሆንም» ትለኛለች። «በሞቴ!» እላታለሁ፤ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ትለኛለች። ይሄ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ማናጀሩ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ መስኮቱ ታየኝ። አራት ክረምት ሙሉ ሲገቡም ጨለማ፣ ሲወጡም ጨለማ። ዞር አልኩና፣ በጥሩው በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛዬ «አይ ትላለች። እኔ ትናንት የመጣሁ ነኝ፣ ለተ ትቅደም፣ ታላቄ አይደለች? ትላለች» አልኩት። ቃል በቃል። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፣ አንዲት ፊደል አልቀነስኩም።

«እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት» አለ ሰውየው። «አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ» አልኩ። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አይ አላልኩም።

ለሻይ አዎ ያልኩላት ሴት፣ ለመስኮቱ አይ አልኩባት። ይሄን ለሰላም ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ምን ልበል? ዋሸሁ እንዳልል አልዋሸሁም፣ ሰረቅሁ እንዳልል ተሰጥቶኝ ነው።

ላይኛውን ክፍል የምረከበው ሰኞ ነበርና እስከ ዓርብ ታች ቆየሁ። ዓርብ በሻይ ሰዓት ዳኑታ ነደደች። የሚታመመው ታች፣ ጤነኛው ላይ፣ ይሄ ምን የሚሉት ነው? ማናጀሩ ነው ጥፋተኛው ብላለች። እኔን አልጠረጠረችም፤ እኔማ ወዳጇ ነኝ። እንግሊዝኛው አልበቃ ሲላት ከግድግዳው ላይ የሽቦ መስቀያ አውርዳ በሁለት እጇ ጠመዘዘችውና ከፍ አድርጋ አሳየችን። «ክሺቭዳ» አለች። ሮዛ ሽቦውን ተቀብላ እሷም አጠፍ አደረገችው፤ «ቶርቶ» አለች። ሞሪን፣ አያቷ በአይሪሽኛ «ኤጎር» ይሉት እንደነበር ነገረችን፣ የሚገባው የሌለበት ነገር ማለት ነው አለች። ከየአገሩ የመጡ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ የማያውቁ ሴቶች፣ በአንድ መስቀያ ተግባብተው ቁጭ አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «በእናንተስ ለተ?»

ያደረግሁትን ብናገረው ይሻላል። «ጠማማ» አልኩ። ጣቴን ቆልመም አድርጌ አሳየኋቸውና፣ በዚያችው ጣት ጣሪያውን፣ የማናጀሩን ቢሮ ጠቆምኩ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘይነባ በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ የገባት የኔ ቃል ብቻ ነው። ተነሳች፣ ሽቦውን ከሮዛ እጅ ተቀበለች፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች አቃናችው። ከዚያ ለላይኛው ክፍል የተሰጠኝን አዲሱን ነጭ ጋዋን ከወንበሩ አንስታ ሰቀለችበት። «ለሰኞ እንዳይጨማደድብሽ» አለችኝ።

ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ጀልባዎቹን በቀለማቸው አውቃቸው ነበር። ሰው መስኮትን ይህን ያህል እንደሚወድ እዚያ ነው ያወቅሁት። ዘይነባ ታች ስምንት ዓመት ቆይታ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ እንፋሎት ቤት አትገቢም አላትና ቤት ዋለች። እኔ ደግነት አበዛሁ። የቤት ፎርም ሲመጣ እኔ ነኝ ፊል የማደርግላት፣ ቀጠሮ ሲኖራት እኔ ነኝ አብሬ የምሄድ፤ ለዒድ ለልጆቿ ልብስ እገዛለሁ። አክብራኝ ነው የተወችልኝ፣ ወጉ ነው፣ እኔ ምን አደረግሁ እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ ማለት እንደኔ ያለው ነው።

ሰላም ስጨርስ እጄን ያዘች። «ባት እማማ፣ እርስዎ ትራንስሌት ያደረጉት ኮሬክት ነው። ቴክኒካሊ ምንም ሮንግ የለውም።»

ቴክኒካሊ። ያቺን ቃል አላውቃት እንጂ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት እሷ ውስጥ ነው። ካውያው ቀዝቅዞ፣ እንፋሎቱ ጠፍቶ ነበር። ያስደነገጠኝ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የፖላንዱም፣ የጣልያኑም፣ የእንግሊዙም፣ የኛም ቃል ስለ ጠማማ ነገር ነው የሚያወራው። ሰው በድሎ ከሆነ የሆነ ነገር አጣምሟል ማለት ነው፤ የተጣመመው ይታያል፣ በጣት ይጠቆማል፣ በጉልበት ይቃናል። እኔ ግን ምንም አላጣመምኩም። ቀጥ አድርጌ ነው ያቀበልኩት። ለዘይነባ ሁልጊዜ አጣምሜ ሳስተረጉምላት ደግ ነበርኩ፣ ቀጥ ያልኩባት ቀን በደልኳት። ለዚህ ማን ቃል አለው? ሰላምን ጠየቅኋት። ብዙ ፈለገች፣ አላገኘችም።

በነጋታው ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። ከኪልበርን ፓርክ ቡናማው መስመር ሳያቀያይር ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ያደርሳል፣ መጨረሻው እዚያ ነው። ድሮ ስንወጣ ሮዝ ቀለም የተቀባው አሮጌው የገበያ ሕንፃ ነበር የሚቀበለን፤ ምድሩ ላይ ሻሽና ሻንጣ የሚሸጡ ሰዎች፣ እኔና ዘይነባ ደመወዝ የተቀበልን ቀን የናይለን ስቶኪንግ የምንመርጥበት። አሁን ፈርሶ ክሬን ብቻ ቆሞበታል። ዘይነባም የነበረችበት ሰፈር ፈርሶ አዲስ ሕንፃ ውስጥ፣ ሰባተኛ ፎቅ ሰጥተዋታል። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ሻሿ ዛሬም አረንጓዴ ነው፤ የመተንፈሻ መድኃኒቷን እጇ ላይ ይዛለች። የደረቷ ድመት ኹርርታ ከበሩ ይሰማል።

«ሻይ ላፍላልሽ?»

«አይ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

«ትንሽ፣ በቅርንፉድ።»

«ተይ አትድከሚ ዘይነባዬ።»

«በሞቴ!»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አልኳት። አመጣችው። ሁለት ስኳር አድርጋበታለች። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን፤ ትልቅ መስኮት ነው፣ ራቅ ብሎ የባተርሲው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቅኋት። ወሬው ሲያልቅብኝ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«ዘይነባ፣ ያን ቀን… የመስኮቱን ቀን…»

«የቱን ቀን?» አለች፤ ዓይኗን ግን ከመስኮቱ አልነቀለችም። «አሁን ለሻይ ስንቴ ጠየቅሁሽ?» አለችኝ።

«ሦስቴ።»

«ያን ቀን አንቺ ስንቴ ጠየቅሽኝ?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ የወጋሁትም አልረሳሁ፣ እሷ ግን አታውቅም ብዬ ነበር የኖርኩት። እንግሊዝኛ አልነበራትም፣ ምን እንዳልኩ በምን ታውቃለች ብዬ።

«ማናጀሩ እንግሊዝ ነው» አለች ዘይነባ። «አንዴ ይጠይቃል፣ አንዴ ይሰማል፤ ወጋቸው ነው። አላህ ያውቃል፣ እሱን ተቀይሜው አላውቅም። ኖ የምትለዋን ቃል ግን ያኔም አውቃት ነበር። ስትያት ሰማሁሽ። እኔ ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ቆሜ ነበር ለተዬ። ‹እንግዲህ አንቺ ካልሽ› የምለው አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰውየው እስኪወጣ ጠበቅሁሽ። ሰኞ እስክትወጪም ጠበቅሁሽ። እስከዛሬ አፌ ላይ ነው።»

ሳል ያዛትና መድኃኒቷን ሳበች። እስኪለቃት ድረስ ጀርባዋን ስዳብስላት ቆየሁ፤ እጄ ሥር ኹርር ይላል። ስንት ቋንቋ ሞክሬ ያስተረጎምኩ ሴት፣ አንድ ቃል ብቻ ቀረችኝ።

«አፉ በይኝ» አልኳት።

«አይ» አለች።

የመጀመሪያውን አይ ሰምቼ እግሬ ሊነሳ ነበር፣ ይገባኛል ብዬ። ቦርሳዬን እንኳ ያዝ አድርጌያለሁ። ከዚያ ምን ላደርግ እንደሆነ ሲገባኝ እንደገና ደነገጥኩ። ቦርሳውን መሬት አስቀመጥኩት።

«አፉ በይኝ፣ ዘይነባ።»

«አይሆንም ለተ።» ይሄኛው አይ የወግ ይሁን የእውነት፣ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ያስተረጎምኩላት ሴትዮ፣ መለየት አቃተኝ።

«በሞቴ» አልኳት። «በሞቴ፣ አፉ በይኝ።»

መስኮቱን አየች። ወንዙ ከዚያ አይታይም፣ እሷ ግን ወንዙ ወዳለበት ነበር የምታየው።

«እንግዲህ» አለች ዘይነባ፣ «አንቺ ካልሽ።»

ከመስኮቱ በላይ የግድግዳ ሰዓት አለ። ሦስቴ መጠየቁ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም።